ትንሽ ቱቦ፥ ትልቅ አደጋ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ የጭነት መኪና ከ1000 ሜትር በላይ ቍልቍለት ይጠብቀዋል። መሪውን የሚያቀልለት ዘይት ግን በሞተሩ ጥግ በተሸጎጠ ቱቦ ያልፋል፤ ግፊቱም ከ100 ባር ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የሚያፈስ ቱቦን በጎማ ቁራጭ ማሰር ራስን ማታለል ነው። ዘይቱ በጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ቢረጭ እሳት ያስነሣል፤ ቢያልቅም መሪው ይከብዳል።

ቦታው ጠባብ ስለ ሆነ አስቀድሞ ሞተሩን ማቀዝቀዝ፥ ጋቢናውን ደፍቶ በድጋፉ ማጽናት፥ የቱቦውን መንገድ ልብ ማለት፥ ሁለቱንም ጫፎች በልካቸው መፍቻ መፍታት ያስፈልጋል። አዲሱ ቱቦ በአሮጌው መንገድ ይዘርጋ፤ አይጠማዘዝ፥ ከብረት ጋርም አይፋተግ። ኋላም ዘይት ተሞልቶ፥ መሪው ግራና ቀኝ እየዞረ አየሩ ይውጣ።

የመለዋወጫ ጥያቄ በጠረጴዛህ ላይ የቀረበልህ ወጣት ሹም ሆይ፥ ፊርማህን አታዘግይ፤ ቍልቍለቱ ቀጠሮ አይሰጥም።