በተማሪ አበል ወደ ፈረሳን ደሴቶች

የፈተናው ወቅት ሊያልቅ ሲል ሂንዳዊያ ውስጥ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለዕረፍቱ የት እንሂድ?» በየዓመቱ አገር ቤት ለመግባት የሁላችንም ኪስ አይፈቅድም፤ ማደሪያ ውስጥ ተዘግቶ መክረምም ሰውን ያደነዝዛል። ባለፈው ዕረፍት ስድስት ሆነን ወደ ፈረሳን ደሴቶች ሄደን ነበር። ጉዞው እንዴት እንደሚሰናዳ ከኅብረቱ አባላት ደጋግመን ስለ ተጠየቅን የምናውቀውን ከዚህ በታች እናስረዳለን።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንለይ። ዛሬ «የቀይ ባሕር ደሴት» ተብሎ በየማስታወቂያው የሚታየው በስተሰሜን ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በኡመሃት ደሴቶች ሴንት ሪጂስ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በሸይባራ ደሴት ሸባራ የተባለው ሆቴል ሥራ ጀመረ። የአንድ ሌሊት ኪራያቸው በሺህ የሚቆጠር ሪያል ስለሆነ እነርሱን ለባለጸጎቹ ትተን ወደ ደቡብ እንመልከት።

የፈረሳን ደሴቶች የሚገኙት ከጂዛን ወደብ ፊት ለፊት፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕሩ ውስጥ ገባ ብለው ነው። ከጅዳ እስከ ጂዛን በአል ሊትና በአል ቁንፉዛ በኩል 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ተጋግዞ ለነዳጅ ማዋጣት ከአውቶቡስ ይሻላል። ከጂዛን የሚነሣው የመንግሥት መርከብ ሰውንም መኪናንም በነጻ ያሻግራል፤ ጉዞው ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ነገር ግን ቦታ አስቀድሞ ማስያዝ ግድ ነው። ነፋስ ሲበረታ መርከቡ ስለሚቀር፣ የመመለሻውን ቀን ከትምህርት መጀመሪያ ጋር አጣብቆ የያዘ ሰው ኋላ ይጸጸታል። ፈረሳን ከተማ ውስጥ ዕቃ የተሟላላቸው ቤቶች ይከራያሉ፤ ለስድስት ሲካፈሉት ብዙ አይከብድም። ወቅቱን በተመለከተ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ይመረጣል። በበጋው ሙቀትና እርጥበት ግን ለሽርሽር ተብሎ የሚኬድበት ቦታ አይደለም።

ደሴቶቹ ከባሕሩም ሌላ የሚታይ አላቸው። የሉል ነጋዴዎች የሠሩት የሪፋዒ ቤት፣ የቃሳር የድንጋይ መንደር፣ በጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ፣ የዱር ሚዳቋዎችም አሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥፍራውን በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቦታል። በፀደይ ወራት ሐሪድ የሚባለው ዓሣ በመንጋ ወደ ዳርቻው ሲመጣ በዓል ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ144 የሮማ ወታደሮች ያቆሙት በላቲን የተጻፈ ድንጋይም እዚያ ተገኝቷል። ከባሕሩ ማዶ ደግሞ ዳህላክ አለ፤ አባቶቻችን ምጽዋ ወርደው ይዝናኑበት በነበረው ባሕር ላይ እኛ ከዚህኛው ዳር ሆነን ተዝናናን ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን፤ ዋና አላደግንበትም። ከስድስታችን መዋኘት የሚችለው አንድ የባሕር ዳር ልጅ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን አንዱ ጓደኛችን ውኃው እንደ ጀመረው እስከ ጉልበት ብቻ የሚቀጥል መስሎት ሲራመድ ከኮራሉ ጠርዝ አልፎ ገደል ገባ። አልጮኸም። የሚሰጥም ሰው አፉ ትንፋሽ ለመሳብ እንጂ ለመጣራት ጊዜ የለውም። ያተረፈው ክዳኑ ጠብቆ በገመድ የታሰረ ባዶ ጀሪካን ነው፤ ወርውረንለት ያዘው፣ ጎተትነው። መዋኘት የማይችል ሰው ለማዳን ብሎ ቢዘል ሁለት አስከሬን ይሆናል። የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ ሆዱን እየተጫኑ ውኃ ለማስወጣት መሞከር ጎጂ ነው፤ ጊዜ ያጠፋል፣ ትውከትም ወደ ሳንባ ያስገባል። በቅድሚያ ትንፋሽ መስጠት፣ ከዚያ ደረቱን መጫን፣ ሌላው ሰው ደግሞ እርዳታ መጥራት ነው።

ባዶ እግር አይገባም። ከድንጋይ ጋር ተመሳስሎ የሚተኛ መርዛም እሾህ ያለው ዓሣ አለ። ከወጋ እግሩን ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውኃ፣ እስከ 45 ዲግሪ ድረስ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር ሕመሙን ያስታግሣል፤ መርዙ በሙቀት ይዳከማልና። ሙቀቱን በጤነኛው እጅ ለኩ፤ ሥቃይ ላይ ያለ ሰው ማቃጠሉን አያስተውልም። ከዚያ ወደ ክሊኒክ ይወሰድ። የጂዛን አካባቢ የወባ ታሪክ ያለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተነሣውም በዚያ ነበር። ስለዚህ አጎበር ያዙ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢይዛችሁ ጂዛን መሄዳችሁን ለሐኪሙ ሳትጠየቁ ንገሩ።

የመጨረሻው ስለ ወረቀት ነው። ጂዛን የድንበር አውራጃ ስለሆነች በመንገዱ ላይ ፍተሻ አለ፤ ኢቃማ ከእጅ አይለይ። ሂንዳዊያ የሚኖር አንድ ወንድማችን አብሮን ሊሄድ ፈልጎ ነበር። እሱ ያንን መንገድ የሚያውቀው ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር ጂዛን ገብቶ ነው፤ ወረቀት የለውም። ከመካከላችን «ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ማን ያየዋል» ያለ ነበር፤ ሌሊቱን ተከራከርንበት። ድንበር ጥሶ የገባን ሰው ማጓጓዝ በሳዑዲ ሕግ እስከ 15 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ ያመጣል፤ እሱን ደግሞ ወደ እስር ቤትና ወደ ግዴታ መመለስ ያደርሰዋል። በመጨረሻ ክርክሩን ያቆመው እሱ ራሱ ነው። «እናንተ ለመዝናናት ትሄዳላችሁ፤ እኔ ያን መንገድ አንዴ አልፌዋለሁ፣ ይበቃኛል» አለን። በማለዳ ሊሸኘን ሲመጣ ጀሪካኑን ያመጣልን እሱ ነው።

በሚቀጥለው ዕረፍት ለመሄድ ያሰባችሁ የኢቃማችሁን ማብቂያ ቀን ከአሁኑ ተመልከቱ። ጀሪካኑና ገመዱ እኛ ዘንድ አሉ፤ መጥታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ።