አንድ ጥርስ ብቻ!
ስለ ሞተር ካቴናና ስለ ጥርሳማ ጎማዎች አገጣጠም

እንደሚታወቀው ካቴና ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የብስክሌቱ ነው። የብስክሌት ካቴና ሲወልቅ ወርደን በእጃችን ከጥርሱ ላይ እናሳርፈዋለን። በየትኛው ጥርስ ላይ እንዳረፈ የሚጠይቅ የለም፤ ብስክሌቱም ይሄዳል። በመኪና ሞተር ውስጥ ያለው ካቴና ግን እንዲህ አይደለም። በአንድ ጥርስ ተዛንፎ ቢገባ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ በሁለትና በሦስት ከተዛነፈ ደግሞ ቫልቭ እስከማጠፍ ይደርሳል። እኛም በወርክሾፕ ልምምዳችን ይህን ስሕተት ፈጽመን፣ ሞተሩን ሳናስነሳ በፊት ተደረሰብን። ስለሆነም ተራ ለሚጠብቁት ጓደኞቻችን ይጠቅማል በማለት ያየነውን ጽፈናል።

ካቴናው ለምን ያስፈልጋል?

ሞተር አራት ሥራ አለው፦ መሳብ፣ ማመቅ፣ ማፈንዳትና ማስወጣት። ለእነዚህ አራት ሥራዎች ፒስተኑ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፣ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ ክራንክሻፍቱም 2 ዙር ይዞራል። እያንዳንዱ ቫልቭ ግን በእነዚህ 2 ዙሮች ውስጥ የሚከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ቫልቮቹን የሚገፋው ካምሻፍት 1 ዙር ብቻ መዞር ይኖርበታል ማለት ነው። ይህን ግማሽ ፍጥነት የሚሰጡት ጥርሳማዎቹ ጎማዎች ናቸው። የተለማመድንበት ሞተር የላዳ ነው። የክራንክሻፍቱን ጎማ ጥርሶች ብንቆጥር 19፣ የካምሻፍቱን ብንቆጥር 38 ሆነው አገኘናቸው። 38 ለ19 ሲካፈል 2። ሂሳቡ ይኸው ነው!

ከዚህ ላይ አንድ ጥርስ ምን ያህል እንደሆነም ማስላት ይቻላል። አንድ ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ነው። ለ19 ሲካፈል አንድ ጥርስ 19 ዲግሪ ገደማ የክራንክሻፍት ዙር ይሆናል። ፒስተኑ ያንን ያህል ሲጓዝ ቫልቮቹ ገና ናቸው ወይም አልፈዋል ማለት ነው። መዛነፉ እየበዛ ከሄደ ወደ ላይ የሚወጣው ፒስተንና ሳይዘጋ የቆየው ቫልቭ ይገናኛሉ፤ የሚታጠፈው ደግሞ ቫልቩ ነው።

ላዳ በ1970 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት በቶልያቲ ከተማ መመረት የጀመረች፣ ከጣሊያኑ ፊያት 124 ንድፍ የተወሰደች መኪና ናት። በአዲስ አበባም ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ስላገለገለች እንግዳ አይደለችም። የፊያቱ ካምሻፍት ከታች በብሎኩ ውስጥ ሲሆን የላዳው ከላይ በቴስታታው ላይ ነው። ከዚህም የተነሣ ካቴናው ረጅምና ባለ ሁለት ረድፍ ነው። እግረ መንገዱንም የዘይት ፓምፑንና ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረውን ሦስተኛ ዘንግ ይነዳል።

አገጣጠሙ እንዴት ነው?

አንደኛ፦ አሮጌው ካቴና ከተለወጠ ጎማዎቹም አብረው ይመርመሩ። ጥርሳቸው እንደ መጋዝ የሾለ ከሆነ አይጠቅሙም። አሮጌ ጥርስ አዲስ ካቴና ይበላል።

ሁለተኛ፦ ምልክቶቹን ማግኘት። በክራንክሻፍቱ ጎማ ላይ ያለው ምልክት በብሎኩ ላይ ካለው ምልክት ጋር፣ በካምሻፍቱ ጎማ ላይ ያለው ነጥብ ደግሞ በካምሻፍቱ ቤት ላይ ካለው ጉብታ ጋር ትይዩ መሆን አለባቸው። ምልክት በቆሻሻ ይሸፈናል፤ በቤንዚን እጠቡት እንጂ በግምት አትሂዱ።

ሦስተኛ፦ ካቴናውን ዘይት ቀብቶ ከላይ ከቴስታታው ወደ ታች ማውረድ። ወደ ውስጥ ሾልኮ እንዳይገባ ከላይ በሽቦ ይታሰራል። ከዚያም በክራንክሻፍቱና በሦስተኛው ዘንግ ጎማዎች ላይ ካረፈ በኋላ የካምሻፍቱ ጎማ ከነካቴናው ወደ ቦታው ይገባል።

አራተኛ፦ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ክራንክሻፍቱ በሚጎትተው ወገን ያለው ካቴና ቀጥ ብሎ የተወጠረ መሆን አለበት። ልልነቱ ሁሉ መወጠሪያው ወዳለበት ወገን ይሂድ።

አምስተኛ፦ የመወጠሪያውን ዳዶ ላላ አድርጎ፣ ክራንክሻፍቱን ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ 2 ወይም 3 ዙር በመፍቻ ማዞር። ስፕሪንጉ ልልነቱን ራሱ ይወስደዋል። ከዚያ ዳዶው ይጠብቃል። ወደ ኋላ ማዞር ግን ልልነቱን ወደማይገባው ወገን ስለሚያመጣው አይፈቀድም።

ስድስተኛ፦ ምልክቶቹን እንደገና ማየት። ከገጠሙ የካምሻፍቱ ጎማ ቡሎን ይጠብቅና የማገጃው ቆርቆሮ ይታጠፍበታል።

እኛስ ምን አጠፋን?

እኛ እስከ ሦስተኛው ድረስ በደንብ ሠራን። ምልክቶቹ ሲገጥሙ ስናይ ደስታችን ወሰን አጣ። ተራ የሚጠብቁ ጓደኞቻችን ቆመው ስለነበር መወጠሪያውን ቶሎ አጠበቅንና ክዳኑን ለመግጠም ስንዘጋጅ መምህራችን መጡ።

«ምልክቶቹን አይታችኋል?» አሉን።

«አዎ፣ ገጥመዋል» አልን።

«መቼ ነው ያያችሁት?»

«ካቴናውን ስናስገባ።»

«ከወጠራችሁ በኋላስ?»

ዝም አልን። እርስ በርስ ተያየን። «በሉ በእጃችሁ ሁለት ዙር አዙሩት፤ አልሄድ ካለ እንዳትታገሉት» አሉን። ቀስ ብለን አዞርነው። የታችኛው ምልክት ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የላይኛው ግን ልክ በአንድ ጥርስ ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ። ልልነቱን በሚጎትተው ወገን ትተነው ኖሯል። ክራንክሻፍቱ መዞር ሲጀምር መጀመሪያ ልልነቱን በላ፣ ካምሻፍቱ ግን ቆሞ ጠበቀ። ምልክቶቹ ገጥመው የታዩን ሞተሩ ስላልዞረ ብቻ ነበር።

ይህ ሞተር ለሁላችን አንድ ነው። ሳይታይ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እየተንገራገጨ ይሠራ ነበር፤ ጥፋቱን ፍለጋ ግን ሌሎች ካርቡራቶሩን ሲፈቱ ካንዴላውን ሲለውጡ ይውሉ ነበር። ፈትተን እንደገና ገጠምነው። ይህኛው ሥራ 40 ደቂቃ ፈጀ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ!

አንድ ነገር እንጨምር። በላዳ ሞተር የካምሻፍቱ ምልክት ሲገጥም በማመቅ መጨረሻ ላይ ያለው 1ኛው ሳይሆን 4ኛው ሲሊንደር ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ዲስትሪቢዩተሩን ለ1ኛው ሲሊንደር ያስገባና «ሁሉን በትክክል ገጥሜ ለምን አልነሣም አለኝ?» እያለ ይቸገራል።

ለማስተማርስ?

ነገ ክፍል ስንገባ ሞተር ላናገኝ እንችላለን። ካርቶን ግን አይጠፋም። አንዱ ባለ 12፣ ሌላው ባለ 24 ጥርስ ሁለት ክቦች ቆርጣችሁ፣ በየአንዳንዳቸው ላይ በቀይ ቀለም አንድ ነጥብ አድርጉ። ጥርስ ለጥርስ አገናኝታችሁ ትንሹን 2 ጊዜ ስታዞሩት ትልቁ 1 ጊዜ ይዞርና ቀዮቹ ነጥቦች እንደገና ይገናኛሉ። በካርቶኑ ላይ ሁለቱ ክቦች በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚዞሩ፣ በካቴና የተያያዙት ግን ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚዞሩ መንገር አትርሱ። ከዚያም ሆን ብላችሁ አንድ ጥርስ አዛንፉና ተማሪዎቹ ጥፋቱን ራሳቸው ያግኙት።

እኛ ከዚህ ሥራ የተማርነው ካቴና መግጠም ብቻ አይደለም። ተማሪ «ገብቶኛል» ሲለን «መቼ? ሳይዞር ነው ወይስ ከዞረ በኋላ?» ብለን መጠየቅን ነው። ከእንግዲህ ተራ ያላችሁ ጓደኞቻችን ሁለቱን ዙር እንዳትረሱ አደራ እንላለን። ለዛሬው በዚሁ ይብቃን።