ምሥጢር ጠባቂው የሚናገርበት ሰዓት

ሰው የልቡን ሕማም ለሌላ ሰው ገልጦ ለመናገር የሚደፍረው፣ የተናገረው ቃል ከሰሚው ጆሮ ወጥቶ በአደባባይ እንደማይነዛ እርግጠኛ ሲሆን ብቻ ነው፤ ስለዚህም ነፍስን ለማከም የተጠራ ሁሉ፣ ካህንም ይሁን ሐኪም፣ ከምክሩና ከጥበቡ በፊት ሊሰጥ የሚገባው ዝምታውን ነው። በእኛ ዘንድ ይህ አደራ ከጥንት ጀምሮ በነፍስ አባት ላይ ተጥሎ ኖሯል። ብዙ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን በሚያሳድጉበት በአሜሪካ አገር ደግሞ፣ ቴራፒስት የሚባለው የሥነ ልቡና ሐኪም ይህንኑ የመሰለ አደራ ተቀብሏል፤ የአገሪቱም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የጃፊና የሬድሞንድን ክርክር ሲፈርድ፣ ታካሚ ለሥነ ልቡና ሐኪሙ በምሥጢር የገለጠው ነገር በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ተገዶ እንዳይወጣ በ7 ድምፅ በ2 ላይ ወስኗል።

ዳሩ ግን ይህ የከበረ ምሥጢር ሕፃን የሚጐዳበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሐኪሙ ከሚያክመው ልጅ አንደበት፣ ወይም ከእናቲቱ ልቅሶ፣ ወይም ከአባትዬው ጸጸት፣ በቤት ውስጥ ሕፃን እንደሚደበደብ፣ እንደሚደፈር ወይም ያለ ምግብና ያለ ጠባቂ እንደሚተው የሚያስጠረጥር ነገር የሰማ እንደ ሆነ፣ ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ብዙ ወላጆች ይህን ሲሰሙ ስለሚደነግጡ፣ አንዳንዶቹም በዚሁ ፍርሃት ምክንያት የታመመውን ልጃቸውን ከሕክምና ስለሚያርቁ፣ ነገሩ ከየት እንደ መጣና በተግባር ምን እንደሚመስል ማስረዳት የሚገባ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የሕጉ መነሻ የኤክስ ሬይ ፎቶግራፍ ነው። በ1946 ጆን ካፊ የሚባል የኒው ዮርክ ሐኪም፣ በራስ ቅላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰባቸውና የእጅና የእግር አጥንታቸው የተሰበረ 6 ሕፃናትን ታሪክ ባሳተመ ጊዜ፣ ስብራቱ ከውጭ በደረሰ ጉዳት የመጣ መሆኑን አመለከተ እንጂ ማን እንዳደረሰው በግልጽ አልወሰነም ነበር። ያንን ደፍሮ የተናገረው፣ በጀርመን አገር ተወልዶ በወጣትነቱ ከናዚዎች ሸሽቶ በአሜሪካ የተጠጋው የዴንቨሩ ሐኪም ሄንሪ ኬምፕ ነው። እርሱና ጓደኞቹ በ1962 ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ፣ ከ71 ሆስፒታሎች በአንድ ዓመት ውስጥ የተመዘገቡ 302 የተደበደቡ ሕፃናትን ጉዳይ ሰብስበው፣ ከእነዚህ 33ቱ እንደ ሞቱና 85ቱ የማይድን የአንጐል ጉዳት እንደ ደረሰባቸው ባስታወቁ ጊዜ፣ ሐኪሞች ለወላጅ ካላቸው አክብሮት የተነሣ ማየት የማይፈልጉትን እንዳላዩ አድርገው ሲያልፉ የኖሩበት ልማድ ለዓለም ሁሉ ተገለጠ። ከዚያ ወዲያ 5 ዓመት ሳይሞላ ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ሐኪም ያየውን እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ አወጡ፤ በ1974ም የፌዴራሉ መንግሥት ለግዛቶች የሚሰጠውን ርዳታ ከዚሁ ሕግ ጋር አያያዘው። ግዴታው በመጀመሪያ የተጣለው በአካል ሐኪሞች ላይ ሲሆን፣ ቀስ በቀስ ወደ መምህራን፣ ወደ ማኅበራዊ ሠራተኞችና ወደ ሥነ ልቡና ሐኪሞች ሰፋ።

ሕጉ ከሐኪሙ የሚጠብቀው ጥርጣሬውን እንዲናገር ነው፤ ማስረጃ ማቅረብ የእርሱ ሥራ አይደለም። ይህም ያለ ምክንያት አልተደረገም፤ ምክንያቱም ሕፃን፣ ታላቅ ሰው ምን ሊሰማ እንደሚፈልግ ከፊቱ አንብቦ ያንኑ መልሶ የመናገር ጠባይ ስላለው፣ ሐኪሙ መርማሪ ልሁን ብሎ አንዱን ነገር እየደጋገመ ቢጠይቀው የልጁ ቃል ይበረዛል፤ በኋላም በዳኛ ፊት ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ልጁ በገዛ ቃሉ የተናገረውን እንደ ወረደ ጽፎ፣ በቨርጂኒያ ከ24 ሰዓት ሳያሳልፍ፣ በሜሪላንድ ወዲያው በቃል ከዚያም በ48 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ፣ በካሊፎርኒያ ወዲያው በስልክ ከዚያም በ36 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በካሊፎርኒያ ዝም ያለ ሐኪም እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ ያገኘዋል፤ በቅን ልቡና ያሳወቀው ግን ጥርጣሬው ትክክል ሆኖ ባይገኝ እንኳ ሕግ ይጠብቀዋል። በሜሪላንድ ግዴታው እጅግ የሰፋ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ዐዋቂ የሆነ ሰው በልጅነቱ የደረሰበትን በደል ለሐኪሙ ቢነግር እንኳ ሐኪሙ ያንን የቈየ ነገር ሊያሳውቅ ይገደዳል፤ ይህን አስቀድሞ ሳያውቅ የተናገረ ሰው፣ ለራሱ እንኳ በስንት ዓመት አንድ ጊዜ የሚያወጣው ነገር ወደ መዝገብ ሲገባ ማየቱ ከባድ ነው።

ለዚህም ነው የሕክምናው የመጀመሪያ ቀን ከሁሉ የበለጠ የሚከብደው። መልካም ሐኪም በዚያን ቀን፣ ወላጅ ሳያነብ ፈርሞ የሚመልሰውን ወረቀት ብቻ አቅርቦ አያልፍም፤ ምሥጢሩ እስከ ምን ድረስ እንደሚጠበቅና ከየት ላይ እንደሚያቆም ለእናትና ለአባት በቃሉ ያስረዳል፤ ለልጁም በዕድሜው ልክ ይነግረዋል። ይህ ሳይነገር የተጀመረ ሕክምና፣ በኋላ የማሳወቂያው ሰዓት በመጣ ጊዜ ክህደት ሆኖ ይታያል፤ እኔም ያ ቤተ ሰብ ተከዳሁ ቢል አልፈርድበትም።

አሁን በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የ10 ዓመት ልጅ በሐኪሟ ፊት ተቀምጧል እንበል። እጅጌው ወደ ላይ ሲሰበሰብ በክንዱ ላይ የሽቦ ሰንበር ይታያል። ስትጠይቀው፣ አባቱ በኤሌክትሪክ ገመድ እንደ መታው ይናገርና፣ ወዲያው ደንግጦ፣ «ለማንም እንዳትነግሪብኝ» ይላታል። ብዙ ደግ ሰው በዚህች ቅጽበት እሺ ይላል፤ እሺ ማለት ግን ልትጠብቀው የማትችለውን ቃል መስጠት ነው። የሠለጠነች ሐኪም እንዲህ ብላ ትመልስለታለች፦ «የነገርከኝን ብቻዬን ልይዘው አልችልም፤ ልጆችን ከጉዳት መጠበቅ ሥራቸው ለሆኑ ሰዎች እነግራለሁ። አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም፤ መናገርህም ጥፋት አይደለም።» ከዚያ በኋላ፣ ነገሩ የመድፈር ካልሆነ፣ ልጁም በዚያው ምሽት የበለጠ ይጐዳል ወይም ይሰወራል ተብሎ ካልተፈራ፣ እናቱን ጠርታ ልታሳውቅ መሆኗን ከስልኩ በፊት ትነግራታለች። አንዳንዴም እናቲቱ ራሷ በዚያው ክፍል ተቀምጣ እንድትናገር ታደርጋለች፤ ርዳታ ጠያቂ ሆና የምትደውል እናት ተከሳሽ ሆና ከምትጠበቅ እናት በሌላ ዓይን ስለምትታይ፣ ይህ ለቤተ ሰቡ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሐኪሟ የራሷ ግዴታ ግን በእናቲቱ ቃል አይተካም።

ስልኩን የሚያነሣው ሠራተኛ የልጁን ስምና ዕድሜ፣ አድራሻውን፣ የታየውንና የተባለውን፣ በቤት ውስጥ እነማን እንደሚኖሩ፣ ልጁ አሁን የት እንዳለና ዛሬ ማታ አደጋ ይኖርበት እንደ ሆነ ይጠይቃል። ቤተ ሰቡ በምን ቋንቋ እንደሚናገርም በዚያው ስልክ ቢነገር ብዙ ጥፋት ይድናል። በ2004 የወጣው የዋሺንግተን ከተማ የቋንቋ ሕግ አማርኛን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ በሌሎችም ግዛቶች ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ ለማይሰማ ሰው አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጁን ራሱን በአባቱና በመርማሪው መካከል አቁሞ ማስተርጐም ከበደል ላይ የተጨመረ በደል ነው። ማኅበራችንም ትንሽ ስለ ሆነ፣ አስተርጓሚው በአንድ አጥቢያ የሚያስቀድስ ሰው ይሆናል ብሎ የሚፈራ ቤተ ሰብ፣ ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጕም ሰው እንዲቀርብለት መጠየቅ ነውር የለበትም።

ቀጥሎ የሚሆነው፣ በእኛ ሰዎች አፍ «ሲ.ፒ.ኤስ.» የሚባለው የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሚሠራው ሥራ ነው። በአሜሪካ በየዓመቱ ከ4 ሚሊዮን በላይ ጥቆማ ለዚህ መሥሪያ ቤት ይቀርባል፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ከስልኩ አልፎ ወደ ቤት አይደርስም። ከተቀበለው ግን፣ በሜሪላንድ የድብደባና የመድፈር ጥርጣሬ ሲሆን በ24 ሰዓት ውስጥ፣ የቸልታ ሲሆን በ5 ቀን ውስጥ ሠራተኛ ልጁን ማየት አለበት፤ ይህንንም የወላጅ ፈቃድ ሳይጠይቅ በትምህርት ቤት ሊያደርገው ይችላል። ቀለል ያለው ጉዳይ ጥፋተኛ ሳይፈለግ በምክርና በርዳታ ይያዛል፤ ከበድ ያለው ተመርምሮ በደል መኖሩ ተረጋግጧል፣ ማስረጃው አልበቃም፣ ወይም በደል የለም ከሚሉት በአንዱ ይዘጋል። ወላጆች ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ልጅ ከቤት መውጣቱ ነው፤ አብዛኛው ጉዳይ ግን እዚያ አይደርስም፣ የደረሰም እንደ ሆነ በሜሪላንድ ሕግ ፍርድ ቤት በሚያስችልበት በሚቀጥለው ቀን ዳኛ ሊያየው ይገባል፤ ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ወላጅም በመንግሥት ወጪ ይቆምለታል። የጠቋሚው ስም ለቤተ ሰቡ አይነገርም፤ ነገር ግን ወላጅ ከየት እንደ ወጣ መገመቱ ስለማይቀር፣ ሐኪሟ አስቀድማ በግልጽ መናገሯ የሚሻለው ለዚህም ጭምር ነው።

ልጅ በሚቀጣበት ቤት ያደግን ሰዎች፣ «ልጄን ብገሥጸው መንግሥት ይወስድብኛል» የሚል ቃል በየቤቱ ሲነገር እንሰማለን። እውነቱ ሌላ ነው። በአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ወላጅ ልጁን በመጠኑ መቅጣቱ እስከ ዛሬ አልተከለከለም፤ ሕጉን የሚያስነሣው ሰንበር የሚተው ገመድ፣ የሚያቃጥል ብረት፣ አጥንት የሚሰብር እጅ ነው። ይህንንም የባዕድ አገር ሕግ ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት አካልን ከሚጐዳ ቅጣትና ከጭካኔ ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በእኛ ቤት የተደበደበ ልጅ ያደገበትን ሕመም እንደ ጨዋነት ምንጭ አድርጎ ሲያወራ ስሰማ ልቤ ያዝናል፤ ጨዋ ያደረገው ፍቅርና ምክር ሆኖ ሳለ ምስጋናውን አለንጋው ወሰደው።

የምትደበደበው ባለትዳሯ ራሷ ስትሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በአብዛኞቹ ግዛቶች የሥነ ልቡና ሐኪም፣ ጤነኛ ዐዋቂ ሴት በባሏ እንደምትመታ ስለ ነገረችው ብቻ ለመንግሥት እንዲያሳውቅ አይገደድም፤ መቼ መውጣት እንዳለባት የምታውቀው እርሷ ናት፣ ያለ ጊዜው የተደረገ ጥሪም ሊያስገድላት ይችላልና። ለአረጋውያንና ራሳቸውን መጠበቅ ለማይችሉ ሰዎች ግን የማሳወቅ ግዴታ አለ፤ በቨርጂኒያ ይህ ከ60 ዓመት ጀምሮ ነው። ልጆች በቤት ውስጥ እናታቸው ስትመታ የሚያዩ እንደ ሆነ ጉዳዩ ሐኪሙን ያስጨንቃል፤ የኒው ዮርክ ግዛት የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2004 ኒኮልሰን በሚባለው ጉዳይ ላይ፣ ልጅ የእናቱን መደብደብ ማየቱ ብቻ ከእናቱ ለመንጠቅ በቂ ምክንያት እንደማይሆን መፍረዱ ብዙ እናቶችን ታድጓል። «ብትናገሪ ወረቀትሽን አስነጥቄ አስባርርሻለሁ» የሚል ባል ያለባት ሴትም፣ ባሏ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ከሆነ፣ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ያለ ባሏ ዕውቀት ለመኖሪያ ፈቃዷ ራሷ ልታመለክት እንደምትችል ሐኪሟ ሊነግራት ይገባል።

ይህን ሥርዓት አጥብቀው የሚነቅፉም አሉ፤ ነቀፋቸውም ቸል ሊባል አይገባም። የሕግ መምህርት ዶሮቲ ሮበርትስ በ2022 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ድሃና ጥቁር ቤተ ሰቦችን ከሌላው አብልጠው እንደሚከታተሉና እንደሚበትኑ ትከሳለች። በ2017 የወጣ ጥናት በአሜሪካ ከሚወለዱት ሕፃናት 37 ከመቶ፣ ከጥቁሮቹ ደግሞ 53 ከመቶ የሚሆኑት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ምርመራ እንደሚደርስባቸው ገምቷል፤ ከተረጋገጡትም በደሎች ሦስት እጅ ከአራት ያህሉ ቸልታ የሚባለው ሲሆን፣ ይህ ቸልታ ብዙ ጊዜ በሁለት ሥራ የምትሮጥ እናት ልጇን የምታስጠብቅበት ገንዘብ ማጣት ነው። እኔ እንደማስበው፣ ድህነትን እንደ በደል መቊጠር ትልቅ ኀጢአት ነው፤ ሐኪምም የተቸገረች እናት ባየ ጊዜ ከስልኩ በፊት ምግብና ሞግዚት የሚገኝበትን መንገድ ሊፈልግላት ይገባል። ነገር ግን የገመዱ ሰንበር በክንዱ ላይ ለተገኘው ልጅ ይህ ክርክር መልስ አይሆነውም፤ እርሱን የሚያድነው አንድ ዐዋቂ ሰው ያየውን ማመኑና መናገሩ ነው።

ከስልኩ በኋላ ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ሐኪሙ አይመለስም። የሚመለሱት ግን ሐኪሙ ስላልሸሻቸው ነው፦ በማግሥቱ ደውሎ እንዴት እንዳደሩ የጠየቀ፣ መርማሪው ሲመጣ ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ያስረዳ፣ የአባትዬውንም ቍጣ ሳይከራከር የሰማ እንደ ሆነ። ልጁ ተመልሶ መጥቶ፣ «ነገርሽብኝ» ብሎ ቢቈጣ፣ ቍጣው ራሱ የሕክምናው ሥራ ይሆናል፤ ሐኪሟም ምክንያቷን ደግማ ትነግረዋለች፣ ይቅርታ እንዲያደርግላትም አታስቸኵለውም። ልጁን ማን ያሳድግ የሚለው ክርክር በፍርድ ቤት በተነሣ ጊዜ፣ አስተያየት የሚሰጠው ሌላ ባለሙያ እንዲሆን መጠየቅ ለእርሷም ለቤተ ሰቡም ይጠቅማል፤ አካሚና መዛኝ በአንድ ሰው ላይ ሲደረቡ ልጁ ዳግመኛ በነጻነት አይናገርምና። ይህንንም ጥያቄ ማንኛውም ወላጅ ልጁን ይዞ በገባበት በመጀመሪያው ቀን፣ ምሥጢሩ እስከ ምን ድረስ እንደሚጠበቅ ከሚጠይቅበት ጥያቄ ጋር አብሮ ሊያነሣው ይችላል።