የአዘራር ዘዴና የበሽታ ቁጥጥር በተልባ ምርት ላይ ያላቸው ውጤት፤ በጓሳ አካባቢ ደጋ

ተልባ በመንዝ ደጋ ከገብስ፣ ከባቄላና ከምስር ጋር የሚዘራ የቅባት እህል ነው። በጾም ወራት ለምግብ ይውላል፤ በገበያም ለገበሬው ገንዘብ ያስገኛል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚዘራው በደከመ መሬት ላይ ስለሆነ፣ የአገሪቱ አማካይ ምርት በሔክታር ከ10 ኩንታል ብዙም አይርቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተልባ ምርት በአመዛኙ የሚወሰነው ዘሩ ከመብቀሉ አስቀድሞ መሆኑን ማስረዳት ነው።

፩. በሽታውና መሬቱ

ተልባን ክፉኛ ከሚጎዱት በሽታዎች አንዱ ፉዛሪየም የተባለው ሻጋታ የሚያመጣው የመጠውለግ በሽታ ነው። ሻጋታው በሥር ገብቶ የተክሉን የውሃ መተላለፊያ ይዘጋል፤ ቡቃያው ይሞታል፤ ያደገውም ጫፉን ደፍቶ ይደርቃል። በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይም በቅጠል ላይ በሚረጭ መድኃኒት አይድንም።

በሰሜን አሜሪካ ገበሬዎች የተልባ ምርታቸው ሲወድቅ መሬቱ ደከመ እያሉ ወደ ድንግል መሬት ይሸሹ ነበር። ሄንሪ ቦሊ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1894 በሰሜን ዳኮታ በአንድ መደብ ላይ ተልባን በየዓመቱ ማዘራት ጀመሩ። በ1901ም ጥፋቱ የሻጋታው እንጂ የአፈሩ ድካም አለመሆኑን ገለጹ። ከጥፋቱ የተረፉትን ተክሎች በመምረጥም በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ተገኙ።

የመንዝ ገበሬ ግን ወደ ድንግል መሬት የሚሸሽበት መንገድ የለውም። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው የጓሳ ምድር ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል፤ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ቢቀርም፣ ዛሬም ሕዝቡ ለሣሩና ለዱር እንስሳቱ ሲል ይጠብቀዋል። ስለዚህ መፍትሔው የሚገኘው በታረሰው ማሳ ላይ ነው።

፪. የአዘራር ዘዴ

አንደኛ፣ ተልባ በተዘራበት ማሳ ላይ ቢያንስ ለ3 ዓመት ተልባ መመለስ የለበትም፤ በመካከሉ ገብስና ጥራጥሬ ይፈራረቁበት።

ሁለተኛ፣ ዘሩ ከጤናማ ማሳ የተገኘና በሚገባ የተበጠረ ይሁን። ፓስሞ የተባለው በሽታ በዘርና በገለባ ይተላለፋል። ምልክቱም በግንዱ ላይ የሚፈራረቅ ቡናማና አረንጓዴ ቀለበት ነው።

ሦስተኛ፣ የዘሩ መጠን በሔክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይሁን። ከዚህ ሲበዛ ሰብሉ ይጋሸባል፤ የተጋሸበውንም እርጥበት ይዞት ፓስሞ ይበረታበታል። ሲያንስ ደግሞ ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ አረም ይውጠዋል። በመስመር መዝራት አረሙን ለመንቀል ያመቻል።

አራተኛ፣ ጊዜው ይታሰብበት። ተልባ በደጋ 5 ወር ገደማ ይፈጃል። ዘግይቶ ከተዘራ ፍሬው ሳይጠነክር የኅዳር ውርጭ ይደርስበታል። ውሃ በሚተኛበት መሬት ቀድሞ ከተዘራም ሥሩ ይበሰብሳል።

፫. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

መምህራን ይህን በትምህርት ቤት ማሳ ላይ ማሳየት ይችላሉ። እያንዳንዳቸው 10 ካሬ ሜትር የሆኑ ሁለት መደቦች ይዘጋጁ፤ አንዱ አምና ተልባ፣ ሁለተኛው ገብስ የነበረበት ይሁን። በየመደቡ 25 ግራም ዘር ይዘራ። ተማሪዎች የጠወለጉትን እየቆጠሩ ይመዝግቡ፤ በመጨረሻም ምርቱን ይመዝኑ።

ዕቅድ አውጪዎችም በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ በሆለታ የተፈተነ ዝርያ ለመንዝ ውርጭ ይስማማል ብለው አስቀድመው ሊወስኑ አይገባም፤ በደብረ ብርሃን የምርምር ማዕከልና በገበሬው ማሳ ላይ መፈተን አለበት። የዘር ሥርጭት ዕቅድ የማሳ ማፈራረቅን ካላካተተ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የተሻሻለውም ዘር በታመመ መሬት ላይ ይወድቃል።