ጋቢ ውስጥ የሚጮኸው ደወል

ስሙኝማ! ሰሞኑን አንድ ነገር ገባኝና እናንተም ካልገባችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ልብ ደም ከመግፋት ሌላ ሥራ እንዳለው ታውቁ ነበር? ሆርሞን ያመርታል!

ይህን ያወቅነው በአይጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ካናዳ ውስጥ አዶልፎ ዴ ቦልድና ባልደረቦቹ ከአይጥ ልብ የላይኛው ክፍል የተጨመቀ ፈሳሽ ወስደው ሌሎች አይጦችን ወጓቸው። አይጦቹ ምን ሆኑ? ሽንት በሽንት! ውሃውም ጨውም ወረደ። በ1988 ደግሞ ጃፓኖች የዚያን ሆርሞን ዘመድ ከአሳማ አንጎል አገኙ፤ ቢኤንፒ ይባላል። ዋና ፋብሪካው ግን ልብ ሆኖ ተገኘ።

ቀስ ብለን እንየው። ደም ሲበዛበት የልብ ግድግዳ እንደ ሞላ አቁማዳ ይወጠራል። የተወጠረው ጡንቻ ቢኤንፒ ይለቃል። ኩላሊት መልእክቱ ሲደርሰው ጨውና ውሃ ያስወግዳል፣ ደም ሥሮችም ላላ ይላሉ። ሸክሙ ቀለለ! ልብ «ከበደኝ» ሲል ኩላሊት ይሰማዋል ማለት ነው።

ታዲያ ሐኪሙስ ለምን አይሰማም? ከቢኤንፒ ጋር ተቆርጦ የሚወጣ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የሚባል ቁራጭ አለ፤ እሱን ከደም ይለኩታል። የልብ ድካም የሚያስጠረጥረው የተለመደው መስመር በአንድ ሚሊ ሊትር ደም 125 ፒኮግራም ነው። ፒኮግራም ማለት አንድ ግራም ለሺህ ቢሊዮን ሲካፈል!

አሁን ጉዱን ስሙ። ውፍረት ልብን ያደክማል፤ ስለዚህ በወፍራም ሰው ደም ውስጥ ቢኤንፒ መብዛት ነበረበት፣ አይደል? እኔም እንዲያ ነበር የመሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካው የፍራሚንግሃም ጥናት የልብ ድካም የሌለባቸው ከ3 ሺህ በላይ ሰዎችን ሲያይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ወፍራሞቹ ጋ ዝቅ ብሎ ተገኘ!

ይህ ግራ አጋብቶኝ ሳለ አንድ ጠዋት አረፈድኩ። ስልኬ ሲጮኽ ነበር፤ ግን ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ። ያኔ በራልኝ! የስብ ሕዋሳት ቢኤንፒን እየያዙ የሚውጡ መያዣዎች አሏቸው፤ ልብም ራሱ የሚለቀው ያነሰ ይመስላል። ደወሉ አልጠፋም፣ ታፍኗል።

ደም ውስጥ ስለ ልብ የሚናገሩ ሌሎች ምስክሮችም አሉ። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ጡብ ነው፤ ጡንቻው ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል፣ የዛሬው ምርመራም ጥቂቷን እንኳ ይይዛታል። ሲአርፒ የሚባለውን ደግሞ ጉበት የሚሠራው ሰውነት ሲቆጣ ነው። ስቡ ራሱ ጉበትን ስለሚቀሰቅሰው ግን ሲአርፒ እንደ ጭስ ነው፤ መንደሩን እንጂ የሚቃጠለውን ቤት አይነግርም።

የታፈነውን ደወል ለመስማትስ? እ.ኤ.አ. በ2023 የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መስመሩን ዝቅ አድርጉት አሉ። ክብደት በቁመት ካሬ ተካፍሎ የሚገኘው ቢኤምአይ ከ30 እስከ 35 ከሆነ ሩቡን፣ ከ40 ካለፈ ደግሞ 40 በመቶውን ቀንሱ።

እስቲ አስሉት። ከ125 ሩቡ ሲቀነስ 94 ገደማ ይቀራል። ሁለት ጓደኛሞች 100 የሚል ወረቀት ይዘው ከላቦራቶሪ ወጡ እንበል። ቀጭኑ ከመስመሩ በታች ነው። ቢኤምአዩ 32 የሆነው ግን አልፎታል። ቁጥሩ አንድ፣ ወረቀቱ አንድ፤ የአንደኛው ልብ ግን ጋቢ ውስጥ ሆኖ እየጮኸ ሊሆን ይችላል!