የሰኔው ርጭት፣ የጳጉሜው ጭቃ

ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ሁለት ክረምት የወባ ኬሚካል ረጭቻለሁ። መርጫውን አዝለህ ከግድግዳው 45 ሳንቲ ሜትር ትርቃለህ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ከፈጠንህ መጠኑ ያንሳል፤ ከዘገየህ ጭቃው ላይ እየተንዠቀዠቀ ይባክናል።

ባለቤቶቹ እህሉንና የሊጥ ዕቃውን ያወጣሉ። ከቤቱ ጥግ የተንጠለጠለ ቀፎ ካለ ግን ማታውኑ መነሣት አለበት፤ ኬሚካሉ ንብና ቢምቢ አይለይም።

«ረጭታችሁም ነከሰችኝ» የማይለን አልነበረም። እውነት ነው፣ ርጭት ንክሻ አይከለክልም። ሴቷ ትንኝ ደም ጠጥታ ሆዷ ሲከብዳት አጠገቧ ያለ ግድግዳ ላይ ትለጠፋለች፤ ኬሚካሉ የሚያገኛት ያን ጊዜ ነው። ከታማሚ የቀዳችው ተውሳክ ወደ ሌላ ሰው ለመተላለፍ እሷ ውስጥ አሥር ቀንና ከዚያ በላይ መቆየት አለበት፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይረዝማል። በየሁለት ሦስት ቀኑ ደም ፍለጋ ስለምትወጣ፣ መንደሩ ሁሉ ከተረጨ ያን ዕድሜ ሳታገኝ ትሞታለች። ስለዚህ የእኔ ግድግዳ ከእኔ ይልቅ ጎረቤቴን ያድናል። ቢያንስ 85 በመቶው ቤት ይረጭ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ከተሜው ደግሞ «ቦዩንና ዛፉን ለምን በጭስ አታጥኑትም?» ይለናል። ጭሱ በዚያች ሰዓት የምትበረውን ይገድል ይሆናል፤ በማግሥቱ አዲስ ትፈለፈላለች።

የግድግዳ ርጭት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በፈረንጆች 1958 ደጋውን ሳይቀር የመታው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን እንደፈጀ ይገመታል። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዲዲቲም ለአምሳ ዓመት ገደማ ግድግዳችን ላይ ኖረ። ትኋኑንም ስለፈጀላቸው እናቶች ወደዱት። ውሎ አድሮ ትንኟም ትኋኑም ለመዱት። ቀጥሎ የመጣው ዴልታሜትሪን አጎበሩ ከሚነከርበት መድኃኒት ጋር አንድ ዘር ነውና እሱንም ተላመደችው፤ ከዚያ ቤንዲዮካርብ፣ ከዚያ አክቴሊክ።

እኔን ግን ከትንኟ ይልቅ ያስቸገረኝ ጳጉሜ ነው። በሰኔና በሐምሌ የረጨነው ግድግዳ ለእንቁጣጣሽ በጭቃና በእበት ይለቀለቃል፤ ወባ የሚበረታው ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ያ ሁሉ ኬሚካል ከጭቃው ሥር ተቀብሮ ይቀራል።

ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከማንኩሳ አለፍ ብሎ፣ አንዲት እናት ዘንድ ገባሁ።

«እማማ፣ ግድግዳውን እስከ ኅዳር ባይነኩት?»

«ዘመን ሲለወጥ በዚህ ዥጉርጉር ቤት እንግዳ ልቀበል? ደግሞስ ትኋን ያቃተው መድኃኒት ቢምቢ ይገድላል?»

ስለ ትኋኑ መልስ አልነበረኝም፤ ስለ ቢምቢዋ ግን ቡናው እስኪፈላ አስረዳኋቸው። መስከረም ላይ ስመለስ መደቡ ያለበት የፊት ለፊቱ ግድግዳ አምሮ ተለቅልቋል። መኝታ ያለበት ጓዳ ግን የኬሚካሉ ነጭ ዥረት እንዳለ ነው።

«እዚያ እንግዳ አይገባም» አሉኝ።