ከ1000 አቶሞች ሰባቱ

ምዕራባውያን መንግሥታት ከኢራን ጋር ለዓመታት የተከራከሩበት ጉዳይ ከሥሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ከማዕድን በሚገኝ ዩራኒየም ውስጥ ከ1000 አቶሞች ዩራኒየም-235 የሚባሉት፣ በቀላሉ የሚሰነጠቁት፣ ሰባቱ ብቻ ናቸው። ከቀሪዎቹ የሚለዩት በሦስት ኒውትሮን ማነስ ስለሆነ በተራ ኬሚስትሪ አይነጠሉም፤ ዩራኒየሙ ወደ ጋዝ ተለውጦ በሴንትሪፊውጅ ሲሽከረከር ከባዶቹ ወደ ዳር ይገፋሉ።

እስቲ እንቁጠር። ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚበቃው 3.5 በመቶ ላይ ለመድረስ 800 ከባድ አቶሞች ይወገዳሉ። ወደ 20 በመቶ ለማለፍ 165 ይበቃሉ። ከዚያ ለቦምብ ወደሚፈለገው 90 በመቶ ግድም የሚቀሩት 27 ብቻ ናቸው። (በተግባር ከሰባቱም የሚባክን አለ፤ ስሌቱን አቅልለነዋል።) ትልቁ ድካም መጀመሪያው ላይ ነው ማለት ነው።

በ2015 እ.ኤ.አ. የተደረሰው ስምምነት ጣሪያውን 3.67 በመቶ፣ ክምችቱንም 300 ኪሎ ግራም ላይ የገደበው በዚህ ምክንያት ነበር። አሜሪካ በ2018 ከስምምነቱ ወጣች፤ ኢራን በ2021 እስከ 60 በመቶ ማበልጸግ ጀመረች። እስራኤልና አሜሪካ በ2025 የኑክሌር ተቋማቷን በቦምብ ደበደቡ። በእኛ አስተያየት የሁለቱ መንገዶች ልዩነት በቁጥጥሩ ላይ ጎልቶ ይታያል፦ በስምምነቱ ዘመን ክምችቱ በተቆጣጣሪዎች ይመዘን ነበር፤ ከድብደባው በኋላ ግን በዚያው ዓመት ከ400 ኪሎ ግራም በላይ የሆነው 60 በመቶ የበለጸገ ዩራኒየም የት እንዳለ ማረጋገጥ ተሳናቸው።